ሕንፃው ሲያልቅ ሰፈሩ ምን ሙያ ይዞ ይቀራል?



አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ሕንፃ ሊቆም ሲል ቦታው በቆርቆሮ ይታጠራል፤ አጥሩ ላይም ሰሌዳ ይሰቀላል። የባለቤቱ፣ የተቋራጩና የአማካሪው ስም፣ የወለሉም ብዛት ተጽፎበታል። የመሠረት ድንጋዩ በሚጣልበት ቀን ደግሞ ፕሮጀክቱ ለብዙ ሺህ ዜጎች የሥራ ዕድል እንደሚፈጥር ይነገራል። ይህ ቃል በቅንነት የሚነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም የወለሉ ብዛት ቢጎድል ወይም የአርማታው ጥንካሬ ከተባለው በታች ቢሆን የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ውል አለና። የሥራ ዕድሉ ቢቀር ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይጠየቅም። ለማን፣ በየትኛው ሙያ፣ ለስንት ጊዜ የሚል የተጻፈ ነገር የለም።

ዛሬ የምሟገትለት ነገር ይኸው ነው። የሥራና የሥልጠና ጥቅም ኤስካቫተሩ ቦታው ሳይደርስ በመሬት ውሉና በግንባታ ውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። የሚለካውም በተመዘገበ ሰው ብዛት ሳይሆን በየሙያው በተሠራ ሰዓት መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ተቋራጩ ዋጋውን አስልቶ ጨርሷል፣ ሠራተኛውን ይዟል፣ የርክክቡ ቀንም ተቆርጧል። በዚያ ሰዓት ወረዳው የሥራ ፈላጊዎችን ስም ዝርዝር ቢልክ ዝርዝሩ ከተቋራጩ ጸሐፊ ጠረጴዛ አያልፍም።

አንድ ሳይት ሰው እንዴት እንደሚቀጥር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ባለቤቱ ሥራውን ለዋናው ተቋራጭ ይሰጣል። ዋናው ተቋራጭ ብረቱን ለአንዱ፣ የአርማታ ማቀፊያውን ፎርምወርክ ለሌላው፣ ልስኑንና ቀለሙን ለሌሎች በንዑስ ውል ያከፋፍላል። ንዑስ ተቋራጩ የሚያምነውን ካቦ ይጠራል። ካቦው ደግሞ ባለፈው ሳይት አብረውት የሠሩትን ፌራዮዎች፣ አናጺዎችና ግንበኞች ይዞ ይመጣል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሰፈሩን ልጅ የሚጠላ ሰው የለም፤ የሚያውቀው ግን የለም። ስለዚህ ለሰፈሩ የሚደርሰው ጥበቃ፣ ጫኝና አውራጅነት፣ ለሠራተኛው ሻይና ምሳ መሸጥ ነው። እነዚህን አላቃልልም፤ ብዙ ቤት የሚተዳደረው በእነሱ ነው። ግን አርማታው ሞልቶ ሠራተኛው ሲበተን የሻይ ደንበኛም አብሮ ይበተናል፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚቀር ሙያ የለም።

እኛ ከዚህ የተሻለ ሠርተን እናውቃለን። ሌላ አገር ሳንሄድ በፊት ይህን ማስታወስ አለብን።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ ቦሌ ገርጂ ላይ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሙከራ፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የተቀናጀ የቤቶች ልማት መርሐ ግብር፣ ከመነሻው የቤት ብቻ ዕቅድ አልነበረም። በአቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባነት ዘመን ከጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ከጂቲዜድ ጋር የተሠራው ዕቅድ ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይዞ ነበር፦ 400,000 ቤቶች፣ 200,000 የሥራ ዕድሎች፣ 10,000 ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች። የሥራ ዕድሉ ከቤቱ እኩል እንደ ግብ ተቀመጠ። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ 171,000 ያህል ቤቶች ተሠርተዋል። ከታቀደው ቢያንስም፣ እንደኛ ባለች አገር በአምስትና ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል መገንባት ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን ግን ከቁጥሩ በላይ የሚስበኝ አሠራሩ ነው። ሕንፃው ራሱ የተነደፈው ብዙ እጅ እንዲያስገባ ተደርጎ ነበር። ወለሉ በተገጣጣሚ ቢምና በስላብ ብሎኬት የሚሠራ ነው፤ ሁለቱም ከባድ ፋብሪካ አይጠይቁም። አሥር ወጣቶች ተደራጅተው፣ አንድ የብሎኬት ማሽን በብድር ወስደው፣ ሳይቱ አጠገብ በተሰጣቸው ሼድ ውስጥ ሊያመርቱ ይችላሉ። አንዱ ማኅበር ብሎኬት ያመርታል፣ ሌላው ቢም ይሞላል፣ ሌላው የብረት በርና መስኮት ይበይዳል፣ ሌሎቹ መብራትና ቧንቧ ይዘረጋሉ፣ ልስንና ቀለም ይሠራሉ። ሥልጠናው፣ የማምረቻ ቦታው፣ ብድሩና ገበያው አንድ ላይ መጡ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ዋጋ አይኖራቸውም ነበር። ሠልጥኖ ማሽን የሌለው ወጣት፣ ማሽን ኖሮት ገዢ የሌለው ማኅበር ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል።

ይህን የምነግራችሁ ያኔ ሁሉ ነገር ያማረ ነበር ለማለት አይደለም። ክፍያ ዘግይቶ የሞቱ ማኅበራት ነበሩ። የጥራት ጉድለት ነበረ፤ ነዋሪዎቹ ዛሬም በሚያፈስ ቧንቧና በተሰነጠቀ ልስን ያውቁታል። ከሁሉ የከፋው ግን ገዢው አንድ ብቻ መሆኑ ነበር። ሳይቱ ሲያልቅ፣ ወይም የቤቶች ልማት ጽሕፈት ቤቱ የሚከፍለው ሲያጣ፣ ማኅበሩ ሌላ በር አልነበረውም። ወደ ግል ገበያ የተሻገሩት ተርፈዋል፤ ያልተሻገሩት ማሽናቸውን ሸጠው ተለያይተዋል። እዚህ ላይ ለመጪው ጊዜ የሚሆን ትምህርት አለ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ከዚህ ሳይት በኋላ ለማን ትሸጣላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ከማኅበሩ ጋር ተቀምጦ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል።

ቴክኖሎጂውም ተቀይሯል። ዛሬ በብዙ ትልልቅ ሳይቶች በእንጨትና በባሕር ዛፍ ፈንታ አሉሚኒየም ፎርምወርክ እየገባ ነው። ግድግዳው ከወለሉ ጋር አብሮ በአርማታ ይሞላል፤ የብሎኬት ሥራው በእጅጉ ይቀንሳል፤ አናጺውም እንደ ድሮው አይፈለግም። ያንን ፎርምወርክ የሚገጥም፣ የሚያስተካክልና የሚፈታ ሠራተኛ ግን የግድ ያስፈልጋል፤ እሱም ሥልጠና ይፈልጋል። የሰፈር ወጣትን ዛሬም በብሎኬት ምርት ብቻ አደራጅተን ገበያ ስንጠብቅ የምንቆይ ከሆነ የምናሠለጥነው ላለፈው ሕንፃ ነው። አልሚው በምን ቴክኖሎጂ ሊገነባ እንዳሰበ መሬቱን በሚረከብበት ጊዜ ማሳወቅ ያለበት ለዚህ ነው። የሙያ ተቋሙ የሥልጠና ዕቅዱን የሚያወጣው ከዚያ በመነሣት ነውና።

አሁን ወደ አቆጣጠሩ ልምጣ፤ ጉዳዩ በብዙ ቦታ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎቻችሁ ዋሽንግተን ዲሲ ዘመድ አላችሁ። ያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣችው ሕግ፣ የከተማዋን ገንዘብ ወይም ድጋፍ የሚያገኝ ፕሮጀክት አዲስ ከሚቀጥራቸው ሠራተኞች 51 ከመቶው የከተማዋ ነዋሪዎች እንዲሆኑ ያስገድዳል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ቀዳዳውን ግን አስተውሉ። ተቋራጩ ነባር ሠራተኞቹን ከሌላ ቦታ ይዞ ከመጣ «አዲስ ቅጥር» የሚባል ብዙም አይኖረውም፤ ከጥቂቶች 51 ከመቶ ደግሞ ጥቂት ነው። ለአንድ ሳምንት የተቀጠረ የጉልበት ሠራተኛም ሁለት ዓመት ከሠራ ኤሌክትሪሺያን እኩል አንድ ሰው ተብሎ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሕጉ ሲሻሻል 5 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ድጋፍ ላላቸው የግንባታ ሥራዎች መለኪያው የተሠራ ሰዓት ሆነ፤ ያውም በሙያ ደረጃ ተከፋፍሎ። ከሙሉ ባለሙያዎች ሰዓት 20 ከመቶው፣ ከተለማማጆች ሰዓት 60 ከመቶው፣ ከሠለጠኑ የጉልበት ሠራተኞች 51 ከመቶው፣ ከተራ የጉልበት ሠራተኞች 70 ከመቶው በነዋሪዎች መሠራት አለበት ተባለ። የተለማማጁ ድርሻ ከባለሙያው ሦስት እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። ሕግ አውጪዎቹ ዛሬ በሰፈሩ ውስጥ በቂ ባለሙያ እንደሌለ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ነገ ባለሙያ የሚሆነውን ሰው ሰዓት ከፍ አደረጉት።

ቦስተን ከዚህም ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ በከተማዋ ድጋፍ በሚሠሩ ግንባታዎች ከሥራ ሰዓቱ 50 ከመቶው ለነዋሪዎች፣ 25 ከመቶው ለጥቁሮችና ለሌሎች አናሳ ወገኖች፣ 10 ከመቶው ለሴቶች እንዲሆን ደነገገች፤ በየሙያው ተለይቶ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተማዋ በራሷ ገንዘብ በምታሠራው ሥራ ላይ ለነዋሪዎቿ ድርሻ መጠየቅ እንደምትችል ፈርዶላታል። ከንቲባው ደግፎ፣ ተቋራጮች ከስሰው፣ ሰፈሩ ተሟግቶ የተገኘ ሕግ ነው። ሕጉ ወጣ ማለት ግን ተፈጸመ ማለት አይደለም። በቦስተንም በዲሲም ግቡ ያልተሟላባቸው ሳይቶች ብዙ ናቸው። ልዩነቱ ግን፣ ሰዓቱ ስለሚመዘገብ አለመሟላቱ ይታወቃል፤ የታወቀን ነገር ደግሞ ነዋሪው ስብሰባ ጠርቶ ይጠይቅበታል።

በእኛ አሠራር ይህን ለመመዝገብ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። ተቋራጩ ክፍያ ለመጠየቅ በየጊዜው የክፍያ ሰነድ ለአማካሪው ያቀርባል። ከዚያ ሰነድ ጋር የወሩ ፔሮል ይያያዝ፤ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም ጎን የነዋሪነት መታወቂያው ወይም የፋይዳ ቁጥሩ፣ ሙያውና የሠራበት ሰዓት ይጻፍ። የንዑስ ተቋራጮቹም ፔሮል አብሮ ይግባ፤ አብዛኛው ሠራተኛ ያለው እዚያ ነውና። አማካሪው አርማታውን ለክቶ እንደሚፈርመው ይህንንም አይቶ ይፈርም። ካልተሟላ ከክፍያው የተወሰነው ይያዝ። መሐንዲሶች ይህን የምለውን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ለብረትና ለሲሚንቶ በየወሩ የምታደርጉት ነው።

«የአካባቢው ሰው» ስንል ማንን ማለታችን እንደሆነም በግልጽ መጻፍ አለበት። እዚህ ላይ ልባችንን ከፍተን እንነጋገር። በአገራችን ይህ አባባል ወደ ትውልድ ሐረግና ወደ ቋንቋ ጥያቄ ቢወርድ የምናተርፈው ጠብ ብቻ ነው። ከገጠር መጥቶ በዚሁ ወረዳ ቤት ተከራይቶ ለዓመታት በቀን ሥራ የሚኖረው ወጣት የአካባቢው ሰው ነው። መለኪያው የመኖሪያ ቦታና የገቢ ዝቅተኛነት ይሁን፤ ሌላ ነገር አይግባበት። ሁለተኛ፣ ለግንባታው ሲባል የተነሡት ሰዎች ከሁሉ ቀድመው መቆጠር አለባቸው። ከልደታ፣ ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር የሄደው ቤተሰብ መታወቂያው ስለተቀየረ ብቻ ከዝርዝሩ መውጣት የለበትም። በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2001 በስቴፕልስ ሴንተር የስፖርት አዳራሽ ዙሪያ ሊሠራ ለነበረው ሰፊ የሆቴልና የመዝናኛ ልማት፣ ከ30 የሚበልጡ የነዋሪዎችና የሠራተኞች ማኅበራት ከአልሚው ጋር ውል ሲፈራረሙ፣ በሥራ ቅጥር ቅድሚያው በቦታው ግንባታ ምክንያት ለተፈናቀሉት እንዲሆን፣ ቀጥሎ በ3 ማይል ውስጥ ለሚኖሩ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች እንዲሆን አድርገዋል። በእኛም አገር የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ለልማት ተነሺዎች መልሶ ስለ መቋቋም ይናገራል። መልሶ መቋቋምን ከዚያው ቦታ ላይ ከሚመጣው ሥራ ጋር ማሰር ለአዋጁ እጅና እግር መስጠት ነው።

አልሚዎችና ተቋራጮች እዚህ አላችሁ፤ የምታነሡትን ስጋት አውቀዋለሁ፣ ተገቢም ነው። የባንክ ወለድ በየቀኑ ይቆጥራል። ያልሠለጠነ ሰው ሥራ ያዘገያል፣ ዕቃ ያባክናል፤ ከሁሉ በላይ ራሱንም ሌላውንም ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ወጪውን በአንድ ተቋራጭ ጫንቃ ላይ ጥሎ መሄድ ፍትሐዊ አይደለም። ሥልጠናው በጨረታ ሰነዱ የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር (ቢኦኪው) ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፦ ይህን ያህል ተለማማጅ፣ ለዚህን ያህል ወር፣ ከአንድ የደኅንነት ሥልጠናና ከመከላከያ ልብስ ጋር። ያኔ ሁሉም ተጫራች እኩል ዋጋ ይሰጥበታል፤ የሚያሠለጥነው ከማያሠለጥነው ተወድዶ አይወድቅም። ዛሬ ሠራተኛ አሠልጥኖ የሚያወጣ ተቋራጭ በጨረታ የሚቀጣው ይህ መስመር ስለሌለ ነው፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር ልጨምር። ቁፋሮና መሠረት ብዙ ሰው አይፈልግም። የአርማታው ሥራ ብረት፣ ፎርምወርክና ጉልበት ይፈልጋል። ብዙ ዓይነት ሙያ የሚፈለገው በፊኒሺንጉ ነው፦ ንጣፍ፣ ጂፕሰም፣ አሉሚኒየምና መስታወት፣ መብራት፣ ቧንቧ፣ ቀለም። ይህም ማለት ከመሠረቱ እስከ ፊኒሺንጉ መጀመሪያ ያለው ጊዜ፣ በትልቅ ሕንፃ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚሆነው፣ የማሠልጠኛ ጊዜያችን ነው። በቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን የትብብር ሥልጠና የሚባለው፣ 70 ከመቶው በሥራ ቦታ 30 ከመቶው በተቋም የሚሰጠው፣ ለዚህ የተበጀ ነው ማለት ይቻላል። የሚጎድለው ተለማማጁን የሚቀበል ሳይት ነው። ውሉ ይህን ይሙላ። ተለማማጁም ከሳይቱ ሲወጣ የብቃት ምዘናውን ፈተና ወስዶ፣ የብቃት ማረጋገጫ ወረቀቱን (ሲኦሲውን) ይዞ ይውጣ። የምስክር ወረቀት የሌለው ልምድ በካቦው ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው የሚኖረው፤ ካቦው ስልክ ከቀየረ አለቀ።

ሴቶቹ ላይ ትንሽ ልቆይ። በሳይቶቻችን ሴት እናያለን፤ የምናያት ግን በአብዛኛው ባሬላ ተሸክማ፣ አሸዋ ስትነፋ፣ ውኃ ስታቀብል ነው። ከዓመታት በኋላም በዚያው ቦታ ትገኛለች። አጠገቧ ረዳት ሆኖ የገባው ወንድ ግንበኛ ሆኗል። ይህ የጉልበት ጉዳይ አይደለም፤ ባሬላ ከግንበኛ ማንኪያ ይከብዳል። ሥራውን የሚያስተምራት ሰው ስለማይመደብላት፣ ልጇንም የምታስቀምጥበት ስለሌላት ነው። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1969 ሚራ ማሃዴቫን የተባለች ሴት በዴልሂ አንድ የግንባታ ቦታ ላይ ሕፃናት በአቧራ ውስጥ ሲተኙ አይታ እዚያው ድንኳን ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ጀመረች፤ ሥራው ዛሬም ሞባይል ክሬሽ በሚል ስም ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕንድ የግንባታ ሠራተኞች ሕግ ደግሞ ከ50 በላይ ሴቶች የሚሠሩበት ሳይት የሕፃናት ማቆያ ክፍል እንዲኖረው ግዴታ አደረገ፤ ከግንባታው ወጪም ለሠራተኞች ደኅንነት የሚውል 1 ከመቶ እንዲሰበሰብ ተደረገ። እኛም ሳይት ላይ ለሲሚንቶ መጋዘን፣ ለመሐንዲሱ ቢሮ በኮንቴይነር እንሠራለን። ሌላ አንድ ኮንቴይነር ለሕፃናት፣ አንዲት ሞግዚትም፣ የዚያን ሁሉ ግንባታ ዋጋ አያናጋም።

የመጨረሻው ጉዳይ ግንባታው ካለቀ በኋላ ያለው ሥራ ነው። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በጊዜ የተወሰነ ነበር። ሕንፃው ግን ሥራ ሲጀምር ለአሥርት ዓመታት የሚቆይ ቅጥር ይዞ ይመጣል፦ ሊፍት፣ ጄኔሬተር፣ የውኃ ፓምፕ፣ የእሳት መከላከያ፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ሆቴል ከሆነም ማእድ ቤትና አልጋ ክፍል። በለገሃር በ36 ሄክታር መሬት ላይ በ2011 ዓ.ም. ይፋ እንደሆነው ያለ ሰፊ ልማት ሲሆን ይህ ቅጥር ራሱን የቻለ የሥራ ገበያ ነው። ሊፍት ጠጋኝ በሦስት ወር አይሠለጥንም፤ ኤሌክትሪክ አውቆ፣ ከአስመጪው ባለሙያ ጋር ሲገጠም አብሮ ቆሞ የሚያድግ ነው። ያ ልጅ ሊፍቱ ሲገጠም እዚያ ካልነበረ ዕድሉ አልፎታል፤ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ባለሙያ ከሌላ ቦታ ይጠራል፣ በውጭ ምንዛሪም ይከፈል ይሆናል።

ስለዚህ የዛሬ ጥያቄዬ በተለይ ለእናንተ፣ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ዲኖችና አሠልጣኞች ነው። በክፍለ ከተማችሁ የግንባታ ፈቃድ ያገኙትን ሕንፃዎች ዝርዝር ከፈቃድ ሰጪው ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የትኛው ሊፍት እንደሚኖረው፣ የትኛው በአሉሚኒየም ፎርምወርክ እንደሚሠራ፣ ፊኒሺንጉ መቼ እንደሚጀምር ለዩ። ከዚያ አልሚውን ጠርታችሁ የመሬት ውሉ ከመፈረሙ በፊት፣ ከተፈረመም የፊኒሺንጉ ንዑስ ውሎች ከመሰጠታቸው በፊት፣ ስንት ተለማማጅ፣ በየትኛው ሙያ፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚቀበል አስጽፉት። እናንተ የወረዳ ነዋሪ ተወካዮች ደግሞ ያን ወረቀት ቅጂውን ጠይቁ፤ በየሦስት ወሩም የሰዓቱን መዝገብ ለሕዝብ ስብሰባ እንዲያቀርቡላችሁ አድርጉ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እጠብቃለሁ።